በዌልስ ካቴድራል የት እንደምቀመጥ

ልጄ ወሬውን ያመጣችው ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። ከሥራ ገብቼ የደንብ ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ ወጥ ቤት ቆሜ ምስር እለቅማለሁ። በሩ ተከፈተና ቦርሳዋን ኮሪደሩ ላይ ስትወረውር ሰማኋት።

"እማ፣ እንግሊዝ ልንሄድ ነው!"

"እነማን?"

"ኳየራችን። በኦገስት። ሳምንት ሙሉ ካቴድራል ውስጥ ልንዘምር ነው። ዌልስ የሚባል ከተማ።"

"ከዚያ ሆስፒታሉ ምን ያህል ይርቃል?" አልኳት።

ጣሪያውን አየች። "እንግሊዝ እያልኩሽ ሆስፒታል ትያለሽ?"

ልጄ እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። የምንኖረው ብሉሚንግተን፣ ለኤርፖርቱ ቅርብ በሆነ አፓርታማ ነው። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲህ እየተባባልን አደገች። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ስለሆነ እንግሊዝኛዬ የሥራ እንግሊዝኛ ነው፤ የሷን ግን አንድም ሳይቀር እሰማዋለሁ። እዚህ ያለችውን ሁሉ በአማርኛ አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ የተቆጣችበትንም ጭምር።

ሆስፒታሉን የጠየቅሁት በከንቱ አይደለም። ልጄ አስም አለባት። ገና ሕፃን ሳለች፣ በረዶው መኪናውን ሁሉ በሸፈነበት አንድ ማለዳ፣ ትንፋሿ እምቢ አላት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። አምቡላንስ ስጠራ ከእንግሊዝኛው ሁሉ አፌ ላይ የመጣው "ልጅ፣ አየር የለም" የሚለው ብቻ ነበር፤ እሱኑ እየደጋገምኩ ጮህኩ። ደርሰው አተረፉልኝ። እሷ በማግሥቱ ካርቱን እያየች ትስቅ ነበር። እኔ ግን እስካሁን ከዚያ ማለዳ አልወጣሁም ማለት ይቻላል። ትንፋሽ ሲያጥራት የምትስበው መድኃኒት፣ ኢንሄለሩ፣ በመኪናዬ ውስጥ አለ፤ በሥራ ጃኬቴ ኪስ አለ፤ ወጥ ቤትም ከማንኪያዎቹ ጋር በመሳቢያው ውስጥ አለ። ሐኪሟ አሁን በጣም ደህና ናት ይለኛል። መዘመሩ እንዲያውም ደረቷን ያጠነክረዋል ይላል። እኔም እሺ እላለሁ። እሺ ማለትና ማመን ግን ለየቅል ናቸው።

ምስሩን ትቼ እጄን አጠብኩ። "እኔ ከሄድኩ ትሄጃለሽ፤ እኔ ካልሄድኩ አትሄጂም" አልኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ፊቷ ግን ቀስ እያለ ፈካ። "የምርሽን ነው? ትመጫለሽ? አስተማሪያችን ወላጅም አብሮ መምጣት ይችላል ብላለች። እኛን ለመስማት እንግሊዝ ድረስ ትመጫለሽ?"

"አዎ" አልኩ። የምሄደው ለምን እንደሆነ ልቤ ያውቃል፤ ግን ያን ፊት ማን ያጠፋል?

ማታ ለባሌ በስልክ ነገርኩት። ባሌ የጭነት መኪና ይነዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ነው እንጂ እሱ ቤት የለም። ያን ዕለት ነብራስካ ውስጥ ነበር።

"ማን ነው የሚሄደው? አንቺ?" አለና ሳቀ። "እዚሁ አጠገባችን ቡርንስቪል ለቅሶ ለመድረስ የአየሩን ሁኔታ ሦስቴ የምታዪው?"

"ሳቅህን ጨርስ።"

"ዌልስ ግን አገር አይደለችም እንዴ?"

"አገሩ ሌላ ነው። ይቺ ከተማ ናት፣ እንግሊዝ ውስጥ። ትንሽዬ ከተማ።"

"ይኸው! ከአሁኑ አምባሳደር ሆነሻል" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ሆንኩም። እኔ አንድ ነገር ካስፈራኝ አጠናዋለሁ። በሥራዬ በኩልም ተመቸኝ። ኤርፖርት ነው የምሠራው፤ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እየገፋሁ እስከ አውሮፕላኑ በር አደርሳለሁ። ሰውን ሁሉ ስሸኝ እውላለሁ እንጂ እኔ ራሴ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም። ያን ክረምት ግን በዊልቸር የተቀመጠ ሰው የእንግሊዝ አነጋገር ካለው አልምረውም። "ይቅርታ፣ ዌልስን ያውቁታል?" እላለሁ። አብዛኞቹ ስለ አገሩ ያወሩልኛል። አንድ ቀን ግን ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ አንድ ሽማግሌ "የካቴድራሉን ከተማ?" አሉኝ።

"አዎ፣ እሱን!"

"ትንሽ ናት። ካቴድራሉ ከከተማዋ የሚበልጥ ይመስላል። ባቡር አይደርስባትም፤ በአውቶቡስ ነው የምትገቢው። ውሃው ደስ ይላል፤ ከካቴድራሉ ጀርባ ከመሬት ይፈልቅና በዋናው መንገድ ዳር ዳር እየወረደ ይሄዳል።"

ዊልቸሩን አቆምኩት። "ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ?"

"ከጳጳሱ ግቢ፣ ከአትክልቱ ሥፍራ። የከተማዋም ስም ከዚያ የመጣ ነው፤ ምንጮች ማለት ነው። ልጄ፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጠኝ።"

ገፋሁ። እግሬ ይሄዳል፣ ሐሳቤ ግን ውሃው ላይ ቀረ። ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የሚፈልቅ ውሃ እኛ ዘንድ ሌላ ስም የለውም። ሰው ለዚያ ስንት ቀን በእግሩ ይጓዛል፤ የታመመ በቃሬዛ ይወሰዳል። እኔ ደግሞ የታመመ ደረት ይዤ እዚያው ደጁ ላይ ልቆም ነው። ይህ ዝም ብሎ የሆነ አልመሰለኝም።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ሳጥፍም፣ ሽንኩርት ሳቁላላም የስልኬ ቪዲዮ ዌልስ ሆነ። የጳጳሱን ግቢ የከበበውን ውሃ አየሁ፤ አንገታቸው የረዘመ ነጫጭ ወፎች ምግብ ሲያምራቸው ከመስኮቱ ሥር የተንጠለጠለችውን ደወል በአፋቸው ይስባሉ። የፈለቀውን ውሃ አየሁ፤ ጥርት ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ተገልብጦ ይታይበታል። ሰው በወጣበት ብዛት መሐሉ የጎደጎደ የድንጋይ ደረጃም አለ፤ እሱን ሳይ ደግሞ ልጄ አዳልጧት ስትወድቅ ታየኝ። ኦገስት የፍልሰታ ጾም ስለሆነ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የተዘጋጀ ሽሮ እንደምይዝ ወሰንኩ። የልጄና የእኔ ፓስፖርት የአባት ስም አይገናኝም፤ ፈረንጅ ደግሞ እናትና ልጅ በአንድ ስም ይጠራሉ ብሎ ነው የሚያስበው። "ልጅሽ አይደለችም" ቢሉኝ ብዬ የልደት ወረቀቷን አዘጋጀሁ።

ከሁሉ በላይ ያጠናሁት ግን የምቀመጥበትን ቦታ ነው። የካቴድራሉ የራሱ መዘምራን በበጋ እረፍት ሲወጡ እንደ ልጄ ያሉ እንግዶች ተተክተው የሠርኩን ጸሎት ያዜማሉ። መዘምራኑ የሚቀመጡት ከውስጥ በኩል፣ በተቀረጸ የእንጨት መቀመጫ ላይ፣ ሁለት ወገን ሆነው ፊት ለፊት እየተያዩ ነው። ቀድሞ የመጣ ምእመን ደግሞ ከነሱ ኋላ ካለው መቀመጫ ይገባል። ቪዲዮውን እያቆምኩ አየሁት። ልጄ በዚህ በኩል ከሆነች እኔ በዚያኛው፣ ከኋለኛው ረድፍ ጫፍ። ከዚያ ሆኜ ፊቷም ትከሻዋም ይታየኛል፤ አንድ ነገር ቢሆን ተነሥቼ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ነው።

"በየትኛው ወገን እንደምትቆሚ አስተማሪሽን ጠይቂልኝ" አልኳት።

"ለምን?"

"ደህና አድርጌ እንድሰማሽ ነዋ።"

ሳቀችና ጠየቀችልኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ደጁ ላይ አገኘኋቸው።

"አባ፣ ልጄ በሌላ ቤተ እምነት ገብታ ልትዘምር ነው። እኔም ልቀመጥ ነው።"

"የምትዘምረው ለማን ነው?"

"ለእግዚአብሔር ነው መቼም።"

"ቁርባናቸውን አትቀበሉ። ከዚያ በተረፈ እናት ለልጇ ስትል የት አትገባም?"

"ውሃም አለ አባ። ከጓሮው ይፈልቃል።"

መስቀላቸውን ወደ ካባቸው መልሰው አዩኝ። ሁሉንም ሳልነግራቸው ያወቁ ይመስለኛል። "ሄጄ አላየሁትም። ጸበል ነው ብዬ አልነግርሽም፤ ተራ ውሃ ነው ብዬም አልንቀውም። ለልጅቷ ደረት አስበሽ ከሆነ ግን አንድ ነገር ስሚኝ፤ መድኃኒቷን እንዳታስጥያት።"

"ኧረ አባ! እኔ? በየመሳቢያው ነው ያስቀመጥኩት።"

"እሱንስ አውቃለሁ" አሉና ባረኩኝ።

ጥፋቱ የመጣው ይህን ሁሉ አጠገቤ ቆመው የነበሩት እትዬ ሲሰሙ ነው። እትዬ ከሕንፃችን ታችኛው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ያን ዕለት መኪናው ውስጥ እስክንገባ ድረስ ምንም አላሉም። ቀበቷቸውን ሳስርላቸው እጄን ያዙኝ።

"ጸበል ልትሄጂ ነው ለካ! እስከ ዛሬ ደብቀሽኝ?"

"ጸበል ስለመሆኑ አባም አላረጋገጡልኝ እትዬ። ውሃ ነው።"

"ከቤተ ክርስቲያን ሥር የወጣ ውሃ ከየት እንደመጣ አይረሳም። ለጉልበቴ ጠብታ አምጪልኝ፤ ሌላ አልልሽም።"

ሌላ አላሉኝም፤ ለሌላ ሰው ግን አሉ። በሚቀጥለው እሑድ አንዲት ሴት ታጥቦ የደረቀ የውሃ ፕላስቲክ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመዋል? የዘይት ጀሪካን የሚያህል ያመጣ ነበር። የጭማቂ ጠርሙስ ያመጣ ነበር። ኤርፖርት እየሠራሁ ፈታሾቹ በፈሳሽ ምን ያህል እንደሚጨቃጨቁ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ግን የታመመ ሰው ባዶ ዕቃ ይዞ ፊትሽ ሲቆም "አልችልም" የሚል አፍ የለኝም። ተቀብዬ ኮሪደሩ ላይ ካለው የልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ እደረድራለሁ።

ልጄ ካፖርቷን ልታወጣ ስትከፍተው ሁሉም ወረደባት።

"እማ! ይሄ ሁሉ ምንድነው?"

ነገርኳት። ስነግራት በልቤ ያሰብኩትን ያህል አላምር አለኝ። የውሃውን፣ የእትዬን ጉልበት፣ የሰዎቹን ነገርኳት። እሷ መሬት ተቀምጣ አንድ ፕላስቲክ በእጇ እያገላበጠች ሰማችኝ።

"ለእኔስ? ለእኔም አስበሻል፣ አይደል?"

"ትንሽ ብትቀምሺ ምናለበት? ደረትሽንም ትንሽ..."

"እንግሊዝ የምትመጪው ለዚህ ነው።"

"አንቺን ልሰማ ነው።"

"አትሰሚኝም!" ብላ ተነሣች። "አንድ ቀን ሰምተሽኝ አታውቂም።"

"ምን ማለትሽ ነው? የቀረሁበት ኮንሰርት አለ? ሺፍት እየቀየርኩ፣ እየለመንኩ..."

"አልቀረሽም። ትመጫለሽ፣ ፊት ትቀመጫለሽ። እኔም ከላይ ሆኜ አይሻለሁ። የሌሎቹ እናቶች ፈገግ ይላሉ። አንቺ ልክ አሁን ልሞት እንደሆነ ነው የምታዪኝ። ዓይንሽን ስመለከት እኔም 'ልክ ናት፣ አየር ሊያልቅብኝ ነው' እላለሁ። ከዚያ በእውነት ያልቅብኛል።"

ጎንበስ ብዬ አንዱን ፕላስቲክ ከወለሉ አነሣሁ።

"ዌልስ ላይ ብቻዬን የምዘምረው ክፍል አስተማሪያችን ሰጥታኛለች" አለች ቀስ ብላ። "አልነገርኩሽም፤ ትጨነቂያለሽ ብዬ። ያንን መቀመጫ ስትጠይቂኝ ልትሰሚኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሆነሽ ትከሻዬን ልታዪ ነው። እዚያ ከተቀመጥሽ አልዘምርም። ለሌላ ልጅ ትስጥልኝ።"

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። በኃይል እንኳ አልዘጋችውም፤ እሱ ነው የባሰኝ።

ፕላስቲኮቹን እየለቀምኩ ወደ ቦታቸው መለስኩ። የተናደድኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው የገረመኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰው "ልጅሽ ምን ዓይነት ድምፅ አላት?" ቢለኝ የምመልሰው የለኝም። ስትዘምር ደረቷ እንዴት እንደሚነሣ አውቃለሁ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ከቀረበ መጥፎ ነው፤ ዝቅ ካለ ደህና ነው። አፍንጫዋ ሲነፋ አውቃለሁ። በስንት ኮንሰርት ስንት ጊዜ ትከሻ ሳይ ኖሬ፣ ስለ ድምጿ ግን አንድ ቃል የለኝም።

ባሌ ሲደውል ነገርኩት። እንደ ልማዱ ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቀለደም።

"እውነቷን ነው" አለኝ።

"አንተ ደግሞ በስልክ እየኖርክ ምን ታውቃለህ?"

"በስልክ ስለምኖር ነው የማውቀው። አንቺ ወጥ ስትሠሪ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትተሽው ትሄጃለሽ አይደል? እሷ ከክፍሏ ስትለማመድ እኔ እየነዳሁ እሰማታለሁ። ፊቷን አላየው፣ ደረቷን አላየው። ስልኩን እንዳትዘጊው ብዬ ዝም እላለሁ።"

"ምን ትመስላለች?" አልኩት። ስለ ገዛ ልጄ ባዕድ ሰው የምጠይቅ መስሎኝ አፈርኩ።

"ዝቅ ስትል አንቺን ትመስላለች፤ ሰው እንዳይነቃ ብለሽ ቀስ ብለሽ እንደምታወሪው። ከፍ ስትል ግን ማንንም አትመስልም።"

ቀናሁበት። በገዛ ልጄ ድምፅ፣ በገዛ ባሌ ቀናሁ።

የጸደይ ኮንሰርታቸው ሴንት ፖል፣ አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ለዌልስ ልምምድ እንዲሆናቸው ተብሎ ነው እዚያ የተደረገው። ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ አስተማሪዋ ማን እንደሚሄድና ማን ብቻውን እንደሚዘምር የመጨረሻውን መልስ ትፈልጋለች። ልጄና እኔ በነዚያ ቀናት የምንነጋገረው "ብዪ"፣ "በልቻለሁ" ያህል ነው። ጠዋት ስትወጣ "ማታ ትመጫለሽ?" አለችኝ። "እመጣለሁ" አልኳት። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

እትዬን ይዤ ሄድኩ። ከበሩ ስንገባ እትዬ እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን ተሳልመው ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ።

"እትዬ፣ እዚህ አይወለቅም።"

"በረዶ ረግጬበት? ነውር አይሆንም?"

"አይሆንም። ይግቡ።"

እንደ ሁልጊዜው ወደ ፊት ልሄድ እግሬ ተነሥቶ ነበር። ፊተኛው ረድፍ ባዶ ነበር፤ ይጠራኛል። ተመለስኩና ወደ ጎን፣ አንድ ወፍራም ዓምድ ወዳለበት ሄጄ ከዓምዱ ጀርባ ተቀመጥኩ። ከዚያ መዘምራኑ ቀርቶ መብራታቸው አይታይም።

"ምን ሆነሻል?" አሉኝ እትዬ። "ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው ዓምድ ልናይ ነው?"

"ዝም ብለው ይቀመጡ እትዬ።"

"ዐይኔም እንደ ጉልበቴ የደከመ መሰለሽ እንዴ? እኔ እኮ አያለሁ!"

"አውቃለሁ። እንዳናይ ብዬ ነው።"

አዩኝ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሲጀምሩ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቼ ኢንሄለሩን ጨበጥኩት። ልነግራችሁ አልችልም እንዴት እንዳስፈራኝ። ልጄ ከዓምዱ ወዲያ ናት፤ ቆማ ይሁን ወድቃ አላውቅም። መዝሙሩ ብዙ ድምፅ ነው፤ የሷ የቱ እንደሆነ አይለይም። አንገቴ ብቻውን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ እመልሰዋለሁ። አንድ መዝሙር አለቀ። ሌላ አለቀ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔ አንድ እጄ ቦርሳው ውስጥ ስለሆነ አላጨበጨብኩም።

ከዚያ ሁሉም ዝም አሉና አንድ ድምፅ ብቻውን ተነሣ።

ሲጀምር ዝቅ ያለ ነበር። ድንጋዩ ላይ እየሄደ ወደኛ መጣ። አልቸኮለም። ከፍ ሲል እንደሚጮህ ሰው አልጠበበም፤ እንደተከፈተ መስኮት ሰፋ። ቃሉን አልለየሁትም፤ ላቲን ይሁን እንግሊዝኛ እንጃ። የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ ቆመና ትንፋሽ ሲሳብ ተሰማኝ፤ ረጅም፣ ሙሉ፣ ጥድፊያ የሌለበት ትንፋሽ። አየር የቸገረው ሰው እንዲያ አይተነፍስም። ብዙ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ነው እንዲያ የሚተነፍሰው። "የማን ልጅ ትሆን?" አልኩ በልቤ። "እናቷ ምን ያህል ደስ ይላት?"

እትዬ በክርናቸው ጎሸሙኝ። ከዓምዱ ባሻገር አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"ያንቺ እኮ ናት!" አሉኝ።

እጄን ከቦርሳው መቼ እንዳወጣሁት አላውቅም። ኋላ ሳየው መዳፌ ላይ የኢንሄለሩ ቅርፅ ታትሞ ነበር።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ እየተነሣ ወደ መዘምራኑ ሄደ። እኛ እዚያው ቀረን። ልጄ ጥቁር ቀሚሷን እየጎተተች ከረድፍ ረድፍ ስትፈልግ አየኋት፤ ፊተኛውን ረድፍ አየች፣ በሩን አየች። ስታገኘን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ግን ቁጣ ይሁን ሌላ አልለየሁም።

"የት ነበርሽ? ፈለግሁሽ። ልጀምር ስል አጣሁሽ። አልመጣችም አልኩ።"

"እዚሁ ነበርኩ።"

"ከዚህ እኮ ምንም አይታይም!"

"አዎ። አላየሁሽም።"

"ሰማሽኝ?"

"ሰማሁሽ። መጀመሪያ አንቺ መሆንሽን አላወቅሁም።"

እትዬ ከወንበሩ ደግፈን እንድናነሣቸው እጃቸውን ዘርግተው፣ "ይቺ እናትሽ ትኬት እንዳልቆረጠ ሰው ከግንብ ሥር ወሽቃኝ፣ አንገቴ ተቆለመመ። ለጉልበቴ ነበር ውሃ የጠየቅኋት፤ አሁን ለአንገቴም ነው" አሉ። ልጄ ሳቀች። አስቂኝም ባይሆን ከሳምንታት ወዲህ ቤታችን ሳቅ አልነበረምና እኔም ሳቅሁ።

መኪናው ውስጥ እትዬ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበሩ። የወንዙን ድልድይ ተሻገርን። ከዚያ ከኋላ፣ በአማርኛ፣ "ዌልስ ዓምድ አለው?" አለችኝ።

"አለው" አልኩ። ክረምቱን ሙሉ አጥንቼው የለ? "መዘምራኑ ከውስጥ ናቸው። ሕዝቡ የሚቀመጥበት ትልቁ ክፍል ከውጭ ነው። በመሐላቸው ድንጋይ እንደ መቀስ ተጠላልፎ የቆመበት ትልቅ ቅስት አለ፣ ግድግዳም አለ። ከዚያ ወዲህ የተቀመጠ ሰው አያይም። ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣለት።"

"እዚያ ትቀመጫለሽ?"

መንገዱን እያየሁ ነበር የምነዳው። የጠየቀችኝ ትንሽ ነገር አልነበረም። እሷ ባሕር ማዶ፣ ከድንጋይ ወዲያ፤ እኔ ከድንጋይ ወዲህ።

"እቀመጣለሁ" አልኳት።

ሰኞ ለአስተማሪዋ ሁለታችንም እንደምንሄድ ነገረቻት፤ ብቻዋን የምትዘምረውንም ክፍል አላስረከበችም። ፕላስቲኮቹን ለባለቤቶቻቸው መለስኩ። የውሃው ነገር በፈሳሽ ሕግ እንደማይሆን ነገርኳቸው፤ አንዳንዶቹ አኮረፉ፣ አንዳንዶቹ ኤርፖርቱን ረገሙ። የእትዬን ትንሿን ጠርሙስ ግን ልጄ ራሷ ከቁም ሣጥኑ አውጥታ ሻንጣዋ ውስጥ ከኢንሄለሯ አጠገብ ሰካቻት። "በመንገድ ዳር ከሚወርደው ቀድቼ አመጣላቸዋለሁ" አለች። እኔ ትጠጪያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ይህን ስጽፍ ገና አልሄድንም። በሶውን ፈጭቻለሁ፣ የልደት ወረቀቷ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ትናንት ሶፋው ላይ ተቀምጠን የካቴድራሉን ፎቶ በስልኳ ከፍታ አሳየችኝ። ወንበሮቹ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ጣቷን አንዱ ላይ አሳረፈች።

"እዚህ። ከዚህ በጭራሽ አታይኝም።"

ፎቶውን በሁለት ጣቴ ለጥጬ አጠናሁት። እውነቷን ነው፣ ከዚያ ግንብ ብቻ ነው የሚታየው። በስተግራ በኩል ግን በቅስቱ መሐል ጠባብ ክፍተት ያለ መሰለኝ።

"ትንሽ ወደ ግራ ብጠጋስ?"

"እማ!"

"እሺ፣ እሺ" አልኩ። "እዚያው።"